የጠፋው ፒክና የባሌ ቀንድ

(የመለያ ሙዚቃ ይገባል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ሮቤ ያላችሁ፣ ጎባ ያላችሁ፣ በዲንሾ፣ በአዳባና በጊኒር የምታዳምጡን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? አጋርፋዎችስ? የዛሬውን ዝግጅት በተለይ እናንተን አስበን ነው ያሰናዳነው። ሬዲዮውን ከፍ፣ ምድጃውን ሞቅ አድርጉትና አብረን እንቆይ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ አልጋ ሥር ይገባል፣ ልብስ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል። የጊታር ክር መምቻው፣ ፒክ ነው።

«ለፒክም ትምህርታዊ ዝግጅት?» ብላችሁ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ፍርዱን ለጊዜው አቆዩትና እስቲ ይህን ስሙ።

(ድምፅ፦ አንድ አጭር ዜማ በጊታር፤ መጀመሪያ በቀጭን ፒክ፣ ቀጥሎ በወፍራም ፒክ)

ሰማችሁ? ጊታሩ ያው ነው። ክሩም ያው ነው። ተጫዋቹም አልተቀየረም። የተቀየረው ፒኩ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀለል ያለ፣ ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። ሁለተኛው ወፈር፣ ጠለቅ አለ። ለዚህ ነው ጊታር ተጫዋች አንድ ፒክ ከወደደ በቀላሉ የማይለቀው።

እንግዲህ አጋርፋ ላይ የሚኖር አንድ ወጣት እናስብ። በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ጊታር ጀመረ እንበል። ዛሬ ሠርግ ላይ ይጫወታል፣ መዝሙር ያጅባል። ለዓመታት የሚጠቀመው አንድ ዓይነት ፒክ ነው፤ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሁለት ሦስት ይዞለት ይመጣል። ከዕለታት አንድ ቀን «እሱ ዓይነት ከእንግዲህ የለም፤ ፋብሪካው መሥራቱን አቁሟል» ይባላል። እጁ ላይ የቀረው አንድ ነው፤ እሱም ጫፉ ተበልቷል። አዲስ አበባ ደግሞ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምን ያድርግ?

አብዛኛው ሰው ስሙን ይዞ ፍለጋ ይወጣል። መደብር ለመደብር ይደውላል፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ መልእክት ይልካል። ከአንድ ካርቶን ሥር የተረፈ ካለም በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። ያም ያልቃል። ከዚያስ?

የእኔ ምክር ሌላ ነው። ስሙን ተዉትና ሥራውን ፈልጉ። ፒክ ድምፅ የሚሰጠው በላዩ በታተመው ጽሑፍ ወይም በቀለሙ አይደለም። በውፍረቱ ነው፤ በተሠራበት ቁስ ነው፤ በጫፉ ቅርጽና በጠርዙ ልስላሴ ነው። እነዚህን ካወቃችሁ የጠፋውን ፒክ መልሳችሁ ታገኙታላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ልድገመው፦ ውፍረት፣ ቁስ፣ ጫፍ፣ ጠርዝ።

(አጭር የጊታር ድምፅ)

ከውፍረቱ እንጀምር። ፒክ ላይ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተጽፎበታል። ያረጀ ፒክ ላይ ግን ቁጥሩ በላብና በጣት ፍትጊያ ጠፍቶ ይሆናል። በአካባቢያችሁ ካሊፐር ያለው የብረታ ብረት ሠራተኛ ካለ አንድ ጊዜ አስለኩት። ካሊፐር ከሌለስ? ኪሳችሁን ፈትሹ። ኤቲኤም ካርድ ያላችሁ አውጡት።

የኤቲኤም ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የየትኛውም ባንክ ይሁን፣ የትኛውም አገር ይታተም፣ ዓለም አቀፍ ደረጃው ይኸው ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሲም ካርድ፣ ናኖ የምትባለው፣ 0.67 ሚሊ ሜትር ናት። ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደግሞ አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አሥር ቅጠል ተደራርቦ ሲጠብቅ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አያችሁ፣ መለኪያው ቤታችሁ ውስጥ ነበር።

አለካኩ ቀላል ነው። አሮጌውን ፒክና ካርዱን መስታወት ላይ ጎን ለጎን አጋጥማችሁ አስቀምጡ። ጥፍራችሁን ከካርዱ ወደ ፒኩ አንሸራቱ። ጥፍር የወረቀት ቅጠል ያህል ልዩነት ይይዛል። ፒኩ ዝቅ ብሎ ከተሰማችሁ ከ0.76 ያነሰ ነው፤ ጥፍራችሁን ከያዘው ይበልጣል። እኩል እስኪሆኑ ድረስ ዝቅ ባለው ሥር ወረቀት ጨምሩና ቅጠሉን ቁጠሩ። ታዲያ የምትለኩት ፒኩ መሐል ላይ ነው፤ ጫፉ ተበልቷልና ያሳስታችኋል።

«የወረቀት ቅጠል ያህል ልዩነት ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ብዙ ያመጣል። አንድ ዓይነት ቁስ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ለመጉበጥ ያለው እምቢታ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት የወፈረ ፒክ እጅ ላይ ብዙ የገተረ ሆኖ ይሰማል። ጥቂት በብርጭቆ ወረቀት ስታሹትም በጣም ይላላል። ይህን አስታውሱት፤ በኋላ ስንሠራ ይጠቅመናል።

(ቆም ማለት)

አሁን ወደ ቁሱ እንሂድ። ሁለት ፒኮች ውፍረታቸው አንድ ሆኖ አንዱ እንደ ቅጠል ሲተጣጠፍ ሌላው እንደ ጣውላ ሲገትር አጋጥሟችሁ ያውቃል? ናይለን በእኩል ውፍረት ሴሉሎይድ ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት የበለጠ ይጎብጣል። እናም የጠፋባችሁ ፒክ ሴሉሎይድ ከነበረና በቦታው ያገኛችሁት ናይለን ከሆነ፣ ቁጥሩ እኩል ስለሆነ ብቻ አትግዙት። ጥቂት ወፈር ያለውን ናይለን ሞክሩ። በቁጥሩ ብቻ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ «ይህ እኮ የእኔ አይደለም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል።

ቁሱን መለየት የቸገራችሁ ደግሞ ፒኩን በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ከስንዝር ከፍታ ጣሉት። ጠንካራው ቁስ ጠጠር የወደቀ ያህል ጥርት ብሎ ይጮኻል። ለስላሳው ደብዘዝ ያለ ድምፅ ያሰማል። ያ ድምፅ ክሩ ላይም ይከተላችኋል።

ስለ ጫፉና ስለ ጠርዙ የምለው አጭር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ያ የምትወዱት ፒክ ከመደብር ሲወጣ የዛሬው ዓይነት አልነበረም። ስታሹት፣ ስትመቱበት፣ በወራት ጊዜ ጫፉን ያሞለሞለው፣ ጠርዙን በአንድ ወገን ያጋደለው የእናንተው እጅ ነው። ፋብሪካው ዛሬም ሥራውን ቢቀጥል፣ አዲሱን ስትይዙት «ተለውጧል» ትሉ ነበር። ግማሹን የሠራው ፋብሪካው ነው፤ ግማሹን እናንተ ናችሁ። ይህ መልካም ዜና ነው። ለምን? የእናንተን ድርሻ ብርጭቆ ወረቀት ይዛችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁና።

ሌላም ነገር አለ። ፒክ ሦስት ማዕዘን አለው። ሁለቱ ክብ የሆኑት ትከሻዎቹ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ናቸው። ፒኩን ዞር አድርጋችሁ በትከሻው ብትመቱ ድምፁ ክብ፣ ለስለስ ያለ ይሆናል። የጠፋባችሁን ድምፅ አሁን በእጃችሁ ባለው ፒክ ትከሻ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይገባል፤ ዝቅ ይላል)

ተመልሰናል። ለመሆኑ የሚወደው ፒክ የጠፋበት የእኛ የአጋርፋ ወጣት ብቻ ነው? በፍጹም። የፒክ ታሪክ ራሱ የመጥፋትና የመተካት ታሪክ ነው።

በድሮ ጊዜ በምዕራቡ ዓለም ከሁሉ የሚወደደው ፒክ ከባሕር ኤሊ ልባስ የሚሠራው ነበር። ሆክስቢል የሚባል፣ በቀይ ባሕርም የሚገኝ የኤሊ ዓይነት አለ። ከጀርባው ላይ የሚገኘው ቡናማና ቢጫ ዝንጉርጉር ልባስ ለማበጠሪያ፣ ለመነጽር ፍሬም፣ ለፒክም ይውል ነበር። ኤሊው ግን ተመናመነ፤ ሊጠፋ ደረሰ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዋሽንግተን ላይ በተፈረመውና በ1975 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አማካይነት ንግዱ ተከለከለ። የኤሊ ፒክ ከገበያ ወጣ። ዛሬ ማንም ቢያቀርብላችሁ አትግዙ።

ኤሊው ከመከልከሉ አስቀድሞም ርካሽ ምትክ ተገኝቶ ነበር። ካራምቡላ የምትጫወቱ ስሙኝ፤ የካራምቡላ ኳስ ድሮ ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። የዝሆን ጥርስ ሲወደድና ሲያንስ አሜሪካ ውስጥ ምትክ ፍለጋ ተጀመረ፤ ጆን ዌስሊ ሃያት የሚባል ሰው ሴሉሎይድን ይዞ ብቅ አለ። ጊዜው 1870 አካባቢ ነው፤ በዚህ ዝግጅት የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያም በ1922 ኒው ዮርክ ውስጥ ሉዊጂ ዳንድሪያ የኤሊ ቀለም ካለው ሴሉሎይድ ፒክ መቁረጥ ጀመረ። ዛሬ ፒክ ሲባል በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ያ የተገለበጠ እንባ የመሰለ ቅርጽ በእሱ ድርጅት ሥራዎች ነው የተስፋፋው።

ሴሉሎይድም ችግር አላጣም። እሳት ይወዳል። ክብሪት ካገኘው ቦግ ብሎ ይነዳል። የድሮ የሲኒማ ፊልሞች የሚቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነበር። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ እንኳ ከ2014 ጀምሮ በዓለም ውድድሮች ላይ ከሌላ ፕላስቲክ ወደ ተሠራ ኳስ እየተቀየረ መጥቷል። ሴሉሎይድ ፒክ የምትሞርዱ ልጆች፣ ዱቄቱን ከሻማና ከምድጃ አርቁ!

ከዚያ ደግሞ በ1981 ዳንሎፕ የተባለው ኩባንያ ቶርቴክስ የሚባለውን ፒክ አወጣ። የታሰበው ለምን ይመስላችኋል? የተከለከለውን የኤሊ ፒክ ለመተካት ነው። ሰውነቱ ጥቂት ሻከር ያለ፣ ከእጅ የማያንሸራትት፣ በቀለም ውፍረቱ የሚለይ። ዛሬ በየአገሩ ካሉት ፒኮች ብዙዎቹ የእሱ ዓይነት ናቸው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ዛሬ «ኦሪጅናል» የምንለው ፒክ ራሱ የጠፋ ነገር ምትክ ነው።

አንድ የሚያስቅ ምሳሌ ልጨምር። የእንግሊዙ የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ፕላስቲክ ፒክ አይወድም። የሚመታው በሳንቲም ነው፤ ሲክስፔንስ በምትባል የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም። ሳንቲሟ በ1980 ከገበያ ወጣች፤ ሕጋዊ ገንዘብነቷ ቀረ። ሰውዬው ግን የተጠራቀመ ክምችት ስላለው አልደነገጠም። ጠርዟ ጥርስ ጥርስ ስላላት ክሩ ላይ የምታሰማውን ሽርክት የሚል ድምፅ ነው የሚወደው። የእኛን የአንድ ብር ሳንቲም የምትሞክሩ ካላችሁ ክሩን እንደምትጨርሱት እወቁ፤ ግን ሙከራ ነውር የለውም።

(የክራር ድምፅ፦ ግርፍ፤ ከዚያ ድርደራ)

አሁን የሰማችሁት ክራር ነው። መጀመሪያ ግርፍ፣ ቀጥሎ ድርደራ። ክራር አንሥተን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ጉዳዩ የሚያምረው እዚህ ላይ ነውና።

በድርደራ ጣት እያንዳንዱን አውታር ለብቻው ይነካል። በግርፍ ግን ቀኝ እጅ በመግረፊያ ሁሉንም አውታር ባንድ ጊዜ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለገውን አውታር ከኋላ ይዘው ዝም ያሰኙታል። የተለቀቀው ብቻ ይዘፍናል። መግረፊያው እንግዲህ የክራር ፒክ ነው። ከምን ይሠራ ነበር? ከቀንድ፣ ከእንጨት፣ ከደረቀ ቆዳ። በገናም ቢሆን ብዙዎች በጣት ይደርድሩት እንጂ ድኅንጻ የሚባል መምቻ አለው። ኡድ የሚባለውን የክር መሣሪያ ለሚጫወቱት ደግሞ የንስር ላባ አገዳ መምቻ ሆኖ ኖሯል። ካሳ ተሰማን፣ ሜሪ አርምዴን፣ አስናቀች ወርቁን ያፈራ የክራር አገር መምቻ ጠፋብኝ ብሎ ሥራ አይፈታም።

ቀንድ ስል አጋርፋዎች ምን አሰባችሁ? ከብት የሌለው ቤት አለ እንዴ? ሥጋ ቤቱ ደጅ፣ የበዓል ማግስት ጓሮ፣ ቀንድ ወድቆ ይታያል። ከዋንጫ በቀር ብዙም ሥራ አንሰጠውም።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። የኤሊው ልባስ የተሠራበት ነገር ኬራቲን ይባላል። የከብት ቀንድም ኬራቲን ነው። የእኛ ጥፍርም ኬራቲን ነው። ማለትም ያ በዓለም ዙሪያ ሲናፈቅ የኖረው፣ ተከልክሎ ምትኩ በፋብሪካ ሲፈለግለት የኖረው ፒክ የቅርብ ዘመዱ ባሌ ጓሮ ውስጥ ወድቆ ነው ያለው። በውጭ አገር በእጅ ሥራ ፒክ የሚሠሩ ሰዎች የቀንድ ፒክ በጥሩ ዋጋ ይሸጣሉ። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ጠቅ ጠቅ አያበዛም። እጅ ላይም ሲሞቅ ይይዛል እንጂ አያንሸራትትም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንዴት ይሠራል? ከመጀመሪያው እንሂድ፤ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ይቅደም፤ ሁለት ጊዜም እደግመዋለሁ።

በክቶ የተገኘ ከብት ቀንድ አትንኩ። በክቶ የተገኘ ከብት ቀንድ አትንኩ! አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ከብትን በድንገት ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር፣ በቆዳ፣ በቀንድ ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቀንድ ስትሞርዱ ዱቄቱ ይተናል፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ቀንዱ በደኅና ታርዶ ከታየ ከብት ይሁን። ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን አታንሡ። የተጠራጠራችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ሌላ ደግሞ፤ ወደ ዲንሾ ወገን ያላችሁ፣ የደጋ አጋዘን ቀንድ ወድቆ ብታገኙ እዚያው ተዉት። እንስሳው በተፈጥሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። መኖሪያው የሆነው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የበሬ ቀንድ ሞልቶ የዱር እንስሳ ቀንድ ምን ያደርግልናል?

አሁን ወደ ሥራው። ቀንድ ከጫፉ ድፍን ነው፤ ወደ ራስ ቅሉ ሲጠጋ ግን ውስጡ ክፍት ነው፤ በአጥንት የተሞላ። ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ወይም ሲቀቀል አጥንቱ ይለቃል። ለፒክ የሚሆነው ከክፍቱ ወገን ያለው ስስ ግድግዳ ነው። በብረት መጋዝ ሁለት ጣት ያህል ቁራጭ አውጡ። ቁራጩ ጎባጣ ነው፤ ማቅናት አለባችሁ።

ቁራጩን በውኃ ቀቅሉት። ምን ያህል ጊዜ? እዚህ ላይ የባሌን ከፍታ አትርሱ። ሮቤና ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትርና ከዚያም በላይ ናቸው። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽሮ ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅ ሁሉ ቀንድም ጊዜ ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ካልበቃ ሰዓት ይሙላ። በፒንሳ ይዛችሁ ስትጫኑት እሺ ማለት ሲጀምር ደርሷል። ቶሎ አውጡና በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላ መሐል አድርጋችሁ በሞርሳ አጥብቁት። ሞርሳ ከሌለ ከባድ ድንጋይ ይጫንበት። ሌሊቱን ይደር። ትኩስ ሳለ ከለቀቃችሁት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል።

ጠፍጣፋ ከሆነና ከደረቀ በኋላ አሮጌውን ፒክ ላዩ ላይ አስቀምጡና በእርሳስ ዙሪያውን ሥሉ። ታዲያ አቀማመጡ ያለ ነገር አይደለም። ቀንድ እንደ እንጨት ዘር አለው፤ ከሥር ወደ ጫፍ ይሄዳል። የፒኩም ርዝመት በዚያው አቅጣጫ ይሁን። ዘሩን አቋርጣችሁ ከቆረጣችሁት ጫፉ በሁለተኛው ዘፈን ላይ ይሰነጠቃል።

ከዚያ መሞረድ ነው። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፤ ደጅ ላይ ሥሩ። ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ይመስላል፤ ያው ኬራቲን ነውና። መጀመሪያ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ውኃ የነካው በጣም ለስላሳ። አሁን ቅድም ያልኳችሁ ይምጣ፦ ውፍረት ጥቂት ሲቀንስ ግትርነቱ ብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ጥቂት እሹ፣ ጊታሩ ላይ ሞክሩ፣ እንደገና እሹ። የቀነሰ አይመለስም። ጠርዙን በአሮጌው ፒክ ልክ አሞልሙሉት፤ ያጋደለበትን ወገን ተመልከቱና እሱኑ ድገሙ። በመጨረሻ በአሮጌ ጂንስ ሱሪ ቁራጭ ወልውሉት። መስታወት ይሆናል።

ቀንድ ላብ ይጠጣል፣ ላብ ሲጠጣም ይላላል። ለረጅም ሠርግ ከሆነ ሁለት ሠርታችሁ አፈራርቁ። አልፎ አልፎ ጠብታ ዘይት ቀቡት፤ አለበለዚያ በበጋው ደረቅ አየር ይሰነጠቃል።

(የጊታር ድምፅ፦ ያው የመጀመሪያው ዜማ፣ አሁን በቀንድ ፒክ)

ቀንድ ለማይመቻችሁስ? ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ አለ። ጊዜው ያለፈበት ነው ያልኩት! ደመወዝ የሚወጣበትን ቆርጣችሁ ወደ እኛ እንዳትደውሉ። ካርዱ ለመምታት ደኅና ነው፤ ቶሎ ይበላል እንጂ። ለልምምድ በቂ ነው። የጀሪካን ፕላስቲክ ግን አልመክርም፤ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ክሩን ይዳብሳል እንጂ አይመታም።

ማንዶሊን ለሚጫወቱ አንድ ቃል። ማንዶሊን ክሩ ጥንድ ጥንድ ነው፤ ፈጥኖ በመንቀጥቀጥ ይመታል። ማንዶሊን ሲነሣ ስሙ የሚጠራውን የአየለ ማሞን አጨዋወት የሰማ ያውቀዋል። ለዚያ ዓይነት ምት የሚጎብጥ ፒክ አይሆንም፤ ወፍራምና ገታራ ይሁን። ከቀንዱ ድፍን ጫፍ የተሰነጠቀው ለዚህ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የምታስመጡ ደግሞ በስልክ «ሰማያዊውን አምጣልኝ» አትበሉ። የአንዱ ኩባንያ ሰማያዊ የሌላው አረንጓዴ ነው። «ውፍረቱ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር፣ ቁሱ ናይለን ወይም ሴሉሎይድ፣ ጫፉ ሾጣጣ ወይም ክብ» በሉ። አሮጌውን ከኤቲኤም ካርድ ጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሡና ላኩ፤ የካርዱ ልክ የታወቀ ስለሆነ የሚገዛላችሁ ሰው መጠኑን ከፎቶው ያውቀዋል። ደግሞ ከአንድ ዓይነት ብዙ ከማስመጣት ከሦስት ዓይነት አንዳንድ ይምጣ። በእጅ ሳይሞከር ፒክ አይመረጥም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለጊታር ግርፍ የሚሆን ፒክ የጠፋበት የባሌ ሰው ከፋብሪካ በፊት ቀንድን ይሞክር። የከበዳቸው ካሉ ያኔ ወደ መደብሩ ይሂዱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬ የያዝነው ይኸው ነበር። አሮጌውን ፒካችሁን ጫፉ ተበላ ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ለአዲሱ ልኬት እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ካርዱን አውጡና ለኩት፣ ውፍረቱን ከጊታራችሁ ሽፋን ውስጥ በወረቀት ጽፋችሁ አኑሩ። የአጋርፋ ወጣቶች፣ ከቀንድ በሠራችሁት ፒክ የተጫወታችሁትን አንድ ዜማ በስልክ ቀርጻችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናሰማዋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያልቃል)